ግልጽ ደብዳቤ ለደብረ ብርሃን የእድር ዳኞችና ለየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ

ጤና ይስጥልኝ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ።

የምጽፍላችሁ ከዳር ቆሜ አይደለም። እኔም የእድር ጸሐፊ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፣ የመዋጮ ደረሰኝ ቆርጫለሁ፣ በድስትና በወንበር ቆጠራ ተጨቃጭቄያለሁ። የማነሳው ጉዳይ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡትን ሰዎች የእድራችንና የአጥቢያችን አባል ስለ ማድረግ ነው። በዚህ ከማንም በፊት የምጠየቀው እኔ ስለሆንኩ፣ ደብዳቤው ወቀሳ ከመሰላችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቻምና ሰኔ ላይ አንድ አባወራ ወደ እድራችን ስብሰባ መጣ። ከኪረሙ፣ ከምሥራቅ ወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። እኛ ስለ ድንኳን ጥገና እየተከራከርን ስለነበር ብዙ አቆምነው። ተራው ሲደርስ በፌስታል የተጠቀለለ ብር ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ዳኛችን ሰውየው አፉን ሳይከፍት «ልጄ፣ እርዳታ ከሆነ በኮሚቴ በኩል ነው፤ እዚህ አይደለም» አሉት።

«ኧረ እርዳታ አይደለም ጋሼ። አባል ልሁን ብዬ ነው። መዋጮ ልከፍል ነው የመጣሁት።»

እርስ በርስ ተያየን። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። የቀበሌ መታወቂያ አለህ? ያለው የድሮው ነው፣ የወለጋው። ቤትህ የት ነው? ኪራይ። መግቢያውን ትችላለህ? መግቢያችን ያኔ 5,000 ብር ነበር። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ እስከ ዛሬ የተዋጣው ሁሉ ተሰልቶ የደረሰ ሂሳብ ነው። ፌስታሉ ውስጥ የነበረው 600 ብር ነው። ቀሪውን በየወሩ ልክፈል አለ። እሺ ማለት ከበደን፣ አይሆንም ማለትም ከበደን። እኔም መዝገቡ ላይ «ጥያቄው ለጊዜው ታይቶ ታልፏል» ብዬ ጻፍኩ። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይቺን አባባል ያውቃታል። ማን አሳለፈው? ማንም። እንዲሁ በራሱ አለፈ።

አምስት ወር ቆይቶ፣ ኅዳር ላይ፣ የሰውየው እናት አረፉ።

የደብረ ብርሃንን ኅዳር ለእናንተ አልነግርም። ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ለቅሶው የተቀመጠው ግቢ ውስጥ ነው፤ በአራት የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ በተወጠረ አሮጌ ሸራ ሥር። መቀመጫው ገለባ የተጠቀጠቀበት ማዳበሪያ ነበር። ጥሩንባ አልተነፋም፤ ጥሩንባ ለአባል ነው። የሰፈሩ ሴቶች ግን ማንንም ሳይጠይቁ ንፍሮ ቀቅለው፣ ቡና አፍልተው መጡ። እኔም ሄጄ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። የእድራችን ድንኳን ከዚያ ግቢ 200 ሜትር በማይሞላ ቦታ፣ መጋዘን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ከሁለቱ ቁልፎች አንዱ የሚውለው እኔ ጋ ነው። የዚያን ቀንም ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን ከትቼ ስነካው አስታውሳለሁ። ደንቡ ግን አይፈቅድም። ደንቡን ያረቀቅነው እኛው ነን።

ሰውየው እየዞረ ሲያመሰግን እኔ ጋ ደረሰና ጎንበስ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «እናቴ እኮ 22 ዓመት እድር ከፍላለች። እድሩ ነው የተበተነው።» ቅሬታ አልነበረበትም። እንዲያው ባዶ እጇን እንዳልሄደች እንዲታወቅለት የፈለገ ይመስላል።

ቀብሩ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «የየትኛው አጥቢያ ናቸው?» ተባለ። ቀጥሎም «ንስሐ አባታቸው ማን ናቸው?» ልጁ ዝም አለ። ንስሐ አባታቸው ኪረሙ ነበሩ፤ በግርግሩ ጊዜ ወዴት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። አንድ ሽማግሌ ቄስ ከመሃል ወጡና «ማዕተባቸውን አላያችሁም እንዴ?» ብለው ነገሩን ዘጉት። እግዜር ይስጣቸው። ፍትሐቱ ተደረገ፣ አፈር ተመለሰ። ግን ሰው የእናቱን ሬሳ ይዞ በር ላይ መልስ ሲፈልግ የቆመባት አምስት ደቂቃ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

እዚህ ላይ ለከተማችን አንድ ምስክርነት ልስጥ፣ አለበለዚያ ይቀየመኛል። ደብረ ብርሃን ክፉ ከተማ አይደለችም። ሰዉ በ2013 ከወለጋ መምጣት ሲጀምር እንጀራ ያልጋገረ፣ ልብስ ያላወጣ ቤት ጥቂት ነው። ተፈናቃዮቹ ወዳረፉበት ቻይና ካምፕ ብርድ ልብስ ተሸክመው የሄዱትን ወጣቶች በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ምን ጎደለ? እኔ ብዙ አስቤበት የደረስኩበት ይሄ ነው፤ እንግዳ ተቀባይነታችን የተሠራው ለአንዲት ሌሊት ነው። በመንዝ ገጠር መሽቶበት ደጅ የቆመ ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ መደቡ ይለቀቅለታል። ጠዋት ስንቁን ይዞ ይሄዳል። ለማይሄድ እንግዳ ግን ሥርዓት የለንም። እንዲያውም እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው እንላለን። እነዚህ ሰዎች ከሦስተኛው ቀን ካለፉ ስንት ጊዜያቸው ነው!

አሁን ወቅቱ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ቁስቋም ዋዜማ፣ ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት ማኅሌት እንቆማለን። የምናስበውም ስደትን ነው። እመቤታችን ልጇን አዝላ፣ ከሄሮድስ ሸሽታ፣ ግብፅ የተንከራተተችውን። በአባቶች ትምህርት ስደቱ 3 ዓመት ከ6 ወር ነው። ወደ ከተማችን ቀድመው የመጡትን ተፈናቃዮች ቁጠሩ፤ ያን ያህል የሞላቸው አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ለስደተኛዋ እናት አሸብሽበን ስንወጣ፣ ጠዋት በሩ ላይ የቆመችውን «የየትኛው አጥቢያ ነሽ?» እንላታለን። እኔ ቀዳሽም መምህርም አይደለሁም። ግን ይሄ አይከነክናችሁም?

ስለ እህቴ ልንገራችሁ። ጀርመን ነው የምትኖረው፣ ፍራንክፈርት አካባቢ። እዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ስደተኛ ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲዋሃድ ኮርስ አለው፤ ኢንተግራሲዮን ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ 600 ክፍለ ጊዜ ቋንቋ፣ 100 ክፍለ ጊዜ ደግሞ ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና አኗኗር ነው። እህቴ ሁሉንም ጨርሳ ፈተናውን አልፋለች። ስልክ ላይ ግን እየሳቀች «700 ክፍለ ጊዜ ተምሬ ለቅሶ ላይ ምን እንደሚባል ማንም አላስተማረኝም» ትለኛለች።

የፎቅ ጎረቤቷ ባል ሞተ። እህቴ ምን ታድርግ፣ የሸዋ ልጅ ናት፣ ቡናዋን በፔርሙዝ ይዛ ሄደች። ሴትየዋ በሩን ከፈተች፣ አመሰገነች፣ ከዚያ እስክትሄድ ትጠብቅ ጀመር። እህቴ ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው መነሳት ነውር ነው ብላ ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ ያህል ሁለቱም ዝም። በሳምንቱ ሴትየዋ አንኳኳችና ለቀብሩ ጠራቻት። ከቀብር በኋላ እነሱም ተሰብስበው ቡናና ኬክ ይቀምሳሉ። «የነሱ ንፍሮ በለው» አለችኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጧ ግን ከሰርተፍኬቱ ይልቅ ኑሮዬን አቀናልኝ ትላለች። ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ሰላም የማይላት የለም።

እህቴና እዚያ ያሉት የኛ ሰዎች የሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያንም የራሳቸው አይደለም። የፕሮቴስታንቶቹን አዳራሽ ነው የሚጠቀሙት፣ የነሱ አምልኮ ካለቀ በኋላ። በከበሮው ጎረቤት ከሶ ያውቃል። ተነጋግረው በሰዓት ተስማሙ። ጀርመኖቹ በሁለተኛው ዓመት ላይ የአዳራሹን ቁልፍ ለእኛዎቹ ሰጧቸው። እህቴ ይህን ስትነግረኝ የኔው ኪስ ውስጥ ያለው ቁልፍ ትዝ አለኝ፣ ምንም አልመለስኩላትም።

እዚህ እኛ ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ስለ አውሮፓ ስናወራ ደፋሮች ነን። ድንበር ዘጉ ሲባል «ክርስትናቸው የታለ?» እንላለን። እኔም ብያለሁ። በርግጥ እነሱም በዚህ ነገር በአንድ ቃል አልተናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2015 ስደተኛው በብዛት ሲገባ፣ በሴፕቴምበር ወር የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ በአውሮፓ ያለ እያንዳንዱ ደብርና ገዳም አንድ አንድ የስደተኛ ቤተሰብ ይቀበል ብለው ጠየቁ። በዚያው ወር የሃንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ቪክቶር ኦርባን ደግሞ፣ የሚመጡት በአብዛኛው ሙስሊሞች ስለሆኑ የአውሮፓ ክርስቲያናዊ መሠረት አደጋ ላይ ነው አሉ። አንድ ወንጌል፣ አንድ ወር፣ ሁለት መልስ። ያኔ ማን ልክ እንደሆነ እዚህ ሆነን ስንፈርድ ነበር። ለካ እኛም የራሳችን ሦስተኛ መልስ ነበረን፤ ስንዴውን ውሰድ፣ እድሩን ግን ተወው።

የነቢዩ መሐመድን ስደተኛ ተከታዮች የተቀበለውን ንጉሥ ነጃሺን እዚህ አላነሳም፤ እሱን ሁሉም ያነሳዋል። ሩቅ ሳንሄድ የራሳችን ከተማ ይበቃል። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ብርሃን ታየልኝ ብሎ እዚህ ሲቀመጥ፣ ይዞት የመጣው ከየአገሩ የተሰበሰበ ሠራዊትና ካህን ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ «ከተመ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ሰፈረ ማለት ነው። የጻድቁ ተክለ ሃይማኖት አባቶችም፣ ገድላቸው እንደሚለው፣ ከሰሜን መጥተው ቡልጋ የተቀመጡ ካህናት ናቸው። የምንሞቀው ባሕር ዛፍ እንኳ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ስሙ ላይ አለ። እሱን ማንም መግቢያ አልጠየቀውም።

ደግሞስ እነዚህን ሰዎች እንግዳ ማለታችን ልክ ነው? በ1977ቱ ድርቅ ደርግ 600,000 ያህል ሰው ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ እያነሳ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ አስፍሯል። ወለጋ አንዱ ነው። ዛሬ ከወለጋ ከመጡት ብዙዎቹ የነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አባት በመንግሥት መኪና ተጭኖ ሄደ፣ ልጅ በእግሩ ተመለሰ። እድር እንዳይገባ የከለከልነው ሰው አያቱ ከይፋት የተነሳች እንደሆነችስ?

አማርኛቸው ላይ ኦሮምኛ ጣል እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ልጆቻቸው ትምህርት የጀመሩት በኦሮምኛ ነው፤ አሁን ፊደል ከሀ ሁ እየጀመሩ ነው። አንድ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ በኦሮምኛ ስልክ ሲያናግር ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው አይቻለሁ። ልጁ ድምፁን ቀንሶ ስልኩን ዘጋው። መዋሃድ ማለት ይሄ ከሆነ ይቅርብን። ገበያችን ውስጥ ኦሮምኛ ከጥንት ጀምሮ የሚሰማ ቋንቋ ነው። በእህቴ ልጅ አማርኛ መርሳት የምናዝን ሰዎች፣ የሌላውን ልጅ ያለውን እንዲጥል ማድረግ አያምርብንም።

አሁን ወደ ስጋቶቻችሁ ልምጣ። ስጋቶቹ የኔም ስለሆኑ አላቃልላቸውም። የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ የቀን ሥራ ተሻምተናል፤ እውነት ነው። የእድር ካዝናም ወንዝ አይደለም። አንድ ወር ከፍሎ በሁለተኛው ወር ቀብር ቢመጣበት ማን ይሸፍናል? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በር መዝጋት አይደለም፤ ለማንኛውም አዲስ አባል እንደምናደርገው የመቆያ ጊዜ ማስቀመጥ ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው ብሩ ይቆይ። ድንኳኑና ወንበሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይውጣለት። ድንኳን በመዘርጋት አያልቅም። መጋዘን ውስጥ አይጥ ከሚበላው!

«ነገ ይሄዳሉ እኮ» የሚለውም አለ። ከነሱም ወገን «እድር ገባን ማለት አገራችንን ተውን ማለት ነው» ብለው የሚሰጉ አሉ። አንዳንዶቹ ተመልሰው ሄደዋል፤ ከሄዱትም እንደገና የመጡ አሉ። ሁለታችሁንም የሚያሳርፍ አንድ ነገር ልጥቀስ። የአፍሪካ አገሮች በ2009 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ላይ ስለ ተፈናቃዮች የተፈራረሙት ስምምነት አለ፤ እኛም አጽድቀነዋል። እሱ ላይ በፈቃድ መመለስ፣ ባሉበት መዋሃድና ሌላ ቦታ መስፈር፣ ሦስቱም የሰውየው ምርጫ ሆነው ተቀምጠዋል። እድር መግባት የመመለስ መብትን አይሰርዝም። የሄደ ሰው መዋጮውን ያቆማል፣ ስሙ ይሰረዛል፤ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረውን መምህር እንደሰረዝነው ማለት ነው። ምን ችግር አለው?

ከመጡት ውስጥ ሙስሊሞች አሉ የሚል ሹክሹክታም ሰምቻለሁ። አሉ፤ ከወሎ የተነሳ ሰው መሃል ባይኖሩ ነበር የሚገርመው። እድራችን ውስጥ ገና ድሮም ሙስሊሞች ነበሩ። የሙስሊም ቀብር ላይ አካፋ ይዘን ቀድመን የምንደርሰው እኛ ነን፤ እነሱም እንደዚያው። ወንጌሉ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» ሲል የየትኛው አጥቢያ እንግዳ እንደሆነ አልጠየቀም።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። የእድር ዳኞች፣ ለመታወቂያው ፋንታ ሁለት አባላት ዋስ ይሁኑና ይግባ። የመግቢያውን ብር በሁለት ዓመት ከፋፍላችሁ ተቀበሉት፤ እድሩ ለተበተነበት ሰው ግማሹን ብትተዉለት ደግሞ ጽድቁ የናንተ ነው። ከገባ በኋላም ዳር ላይ አታስቀምጡት። ድንኳን ይትከል፣ ውሃ ይቅዳ፣ ቀብር ቀርቶ እንደሆነ ይቀጣ፤ አዎ፣ ይቀጣ። ለሰው ስንዴ ስትሰጠው አንተ ሰጪ ነህ፣ እሱ ተቀባይ። እድር ስታስገባው ግን አንተንም የሚቀብርህ እሱ ነው።

የሰበካ ጉባኤ አባቶች፣ የናንተ ደግሞ ይቀላል። በየአጥቢያችሁ ያሉትን እየዞራችሁ መዝግቡ፤ እስኪመጡ አትጠብቁ፣ የሚያፍር ሰው አይመጣም። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ንስሐ አባት ይመደብ። አንድ ቄስ አምስት ቤት ቢይዝ ብዙ ነው? ሰንበቴና ጽዋ ማኅበሮችም ጽዋውን አንድ ዙር እነሱ ቤት ይውሰዱት። ቤቱ ጠባብ ነው ብላችሁ አትለፉ፤ እኛም ስንጀምር ቤታችን ጠባብ ነበር። ዓውደ ምሕረት ላይም «ተፈናቃዮች በዚህ በኩል» የሚለው ማስታወቂያ ይቅርብን። ከስንት ዓመት በኋላ ነው ሰው በስሙ የሚጠራው?

ሰውየው አሁንም እዚሁ ነው። ግንባታ ላይ ቀን ይሠራል። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ነው ቀድሞ የሚሰግድልኝ፤ እኔ ነኝ የማፍረው። ስለ እድሩ ዳግመኛ አንስቶብኝ አያውቅም።

የኛ እድር የሚሰበሰበው ከቁስቋም በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። አጀንዳ የሚያወጣው ጸሐፊው ስለሆነ፣ የሰውየውን ጉዳይ አንደኛ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ የድንኳኑ ጥገና ሁለተኛ ነው። ከሌሎች እድሮች መጥቶ ማየት የሚፈልግ ዳኛ ካለ ወንበር አለን። ዋስ ከሚሆኑት ሁለት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛውን እየፈለግኩ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ እድር ጸሐፊ
ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.